ከማድቤት የሚሰማ ቶርኖ

መሮው የዕቃውን ጎን በስቶ ወጣ።

«ወይ ጉድ!» አናጢው እንጨቱን የሚያሽከረክረውን ቶርኖ አጠፋና ዕቃውን ፈትቶ አወረደው። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ የወይራ ዕቃ ነበር። አሁን ጎኑ ላይ አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው፤ ይኼ ደግሞ በምንም አይደፈንም።

ወይራው አባቱ ግቢ የነበረ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ገዢው ዛፉን ጣለው፤ እሱ የደረሰለት ሁለት ጉማጅ ብቻ ነው። እህቱ፣ «እንደ ድሮዎቹ ስስ አድርገህ አንድ ሥራልኝ፤ አባባን የማስታውስበት ሌላ ምንም የለኝም» ብላዋለች። እሑድ ልትወስደው ትመጣለች። ከሁለቱ ጉማጅ አንዱ እንግዲህ ጉድ ሆነ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ውስጡ ሲቦረቦር ዓይን አይረዳም። መሮው በጠባቡ አፍ ይገባል፤ የቀረው የጆሮ ሥራ ነው። እንጨቱ ወፍራም ሳለ ያጉረመርማል፤ እየሳሳ ሲሄድ ድምፁም ይቀጥናል፤ ያኔ ማቆም ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረው በዚህ ነው። ዛሬ ግን የቀጠነ ነገር አልሰማም። እውነቱን ለመናገር ካምና ጀምሮ አይሰማም። ዕቃዎቹን ወፍራም እየተወ፣ ለጠየቀው ሁሉ «ጠንካራ እንዲሆን ብዬ ነው» ሲል ከርሟል።

የማድቤቱ በር ተከፈተና ሚስቱ ጭልፋ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ምን ነካህ? ድምፁ ከቀጠነ እኮ ቆየ! ‹አሁን ያቆማል› ብዬ ያወጣሁት ምሳ በረደ።»

እሷ ምሳ የምታወጣው ሰዓት አይታ አይደለም፤ ግድግዳውን አልፎ የሚመጣውን የቶርኖ ድምፅ ሰምታ ነው።

«ስንጥቅ ነበረው» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

ዕቃውን ተቀብላ ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። «የቱ ጋ ነው ስንጥቁ?»

 መጥረጊያውን አንስቶ ሰጋቱራውን መጥረግ ጀመረ። ከኋላው ሆና ቀስ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምሳ እንብላ» አለች። መጥረጉን ቀጠለ። ደገመችለት። አሁንም አልዞረም። ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ጆሮህ ነዋ!»

«ካምና።»

«የሥራህን ይስጥህ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ዓመት ሙሉ ስጠራህ ዝም ስትለኝ፣ ሰለቸሁት ብዬ ስንቴ አልቅሻለሁ! ለካ አትሰማኝም!»

«ፈራሁ» አላት። «ጆሮዬ ከሄደ ሥራዬም ሄደ። ከዚያ ምን ሆኜ ልቀመጥ?»

«ባል ሆነህ ተቀመጣ! ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

«እሺ» አለ። እንዲህ ቶሎ እሺ ይላል ብላ አልጠበቀችም።

ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ጉማጅ ቶርኖው ላይ አሰረ። የውጭ ቅርጹን አወጣ፤ እዚህ ላይ ዓይኑም እጁም አይታሙም። ለመቦርቦር ረጅሙን መሮ ሲያነሳ ግን ቆም አለ። ሄዶ የማድቤቱን በር ከፈተ። ሰጋቱራ ይገባብኛል እያለች ሠላሳ ዓመት ስታዘጋው የኖረችው በር ነው። እንዳይዘጋ የተበሳውን ዕቃ ሥሩ አስደገፈበት።

«ሲቀጥን ንገሪኝ።»

«ብጮህስ ልትሰማኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

«ሲቀጥን አምፖሉን አጥፊው።» ከቶርኖው በላይ የተንጠለጠለው አምፖል ማጥፊያው ማድቤት በኩል ነው።

ሥራው ጊዜ ፈጀ። ሰጋቱራው እየበነነ በክፍቱ በር ገባ፤ እሷም ድስቶቿን ብቻ ከደነች። ማጥፊያው አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እሱ የሚሰማው መሮው እጁ ላይ የሚነዝረው ንዝረት ብቻ ነው።

በድንገት አምፖሉ ጠፋ።

እጁ ገና ነው አለው። በደንብ ወፍራም ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደግመው ምን አለበት?

የጠፋውን አምፖል ቀና ብሎ አየና መሮውን ከዕቃው አፍ አወጣው።