ብቻ የሚኬድ መንገድ

ዓዲላ ስትናደድ አትጮህም፤ ስልኳን በግንባሩ ደፍታ ዝም ትላለች። ጩኸቷ ይሻል ነበር። ያን ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ከሚሴ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የስልክ ጥገና ቤታቸው ውስጥ ስልኳን ደፍታ ዝም ስትል፣ የአጎቷ ልጅ ጀሚል ነገሩ እንደከፋ ገባው።

«ምን አጠፋሁ ደግሞ?» አላት።

«ነፋሱ የት ሄደ?»

ነፋሱ የጨዋታው ነፋስ ነው። ሁለቱ ከጥገናው በሚተርፋቸው ጊዜ በስልክ የሚጫወቱት ጨዋታ ሠርተዋል፤ ታሪኩ የእሷ፣ ኮዱ የእሱ። አንዲት ልጅ ከሰንበቴ ገበያ ተነስታ በአፋር በረሃ ወደ ባሕሩ ትሄዳለች። ተኩስ የለ፣ ድብድብ የለ። መንገድ ላይ ያገኘችው ሰው ዘንድ፣ ግመል ነጂም ይሁን ከስደት ተመላሽ፣ ቁጭ ብላ ወሬውን ትሰማለች። በመጨረሻ «ጠይቂ» የሚል ቁልፍ ይመጣል። ተጫዋቹ ሲጫነው ልጅቱ እንዲህ ትላለች፦ «ወንድሜን አብደላን አይታችሁታል? ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።» ሁሉም አላየንም ይሏታል። ጨዋታው የሚያልቀው ባሕሩ ዳር ቆማ ስትጠብቅ ነው። ሌላ ድምፅ የለም፣ ነፋሱ ብቻ።

አብደላ የፈጠራ ሰው አይደለም። የዓዲላ ታናሽ ወንድም ነው፤ በዚያው መንገድ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ጨዋታውን ስትጽፍ ስሙን ልትለውጠው ሞክራ አልሆነላትም። እናቷ ዘይና ሰዎች «ምን ተሰማ?» ሲሏት «ደህና ነው አሉ» ትላለች፤ እነማን እንዳሉ ደፍሮ የጠየቃት የለም። እናትየው እንዲህ ትላለች፣ ልጅየዋ ጨዋታ ትሠራለች። ሁለቱም ቁርጡን ላለማወቅ ነው።

ጀሚል ታዲያ በጋራ መጫወት የሚባል ነገር ጨመረበት። ሰዎች በያሉበት ሆነው በኢንተርኔት እዚያው መንገድ ላይ ይገናኛሉ፣ በድምፅ ያወራሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። ይሄ ሁሉ ሲታከል ጨዋታው ከበደና ርካሽ ስልክ አልሸከምም አለ። ስለዚህ ነፋሱን አወጣው፤ ውኃ ጉድጓዱ ዘንድ የምትቀመጠውን አሮጊት ወሬም ከግማሹ በላይ ቆረጠው።

«ከሚሴ ውስጥ ብቻውን የሚጫወት ሰው አሳዪኝ!» አለ። «በአንድ ስልክ ላይ አራት ሆነው ያፈጣሉ። የአንቺን ጨዋታ ከፍተው 'ሰው የለበትም' ብለው ይዘጉታል።»

«ሰው የሌለበትማ እንዲከብዳቸው ነው። ብቻህን ስትሄድ ነው ጥያቄው የአንተ የሚሆነው። አጠገብህ የሚቀልድ ካለ ማን ያስበዋል?»

«አንድ ጊዜ ግቢና እዪው። ከዚያ አውጣው ካልሽ አወጣዋለሁ፣ ወላሂ።»

ገባች። ያየችው ከፈራችውም ባሰ። ጎረምሶቹ ግመሎቹን ያሽቀዳድማሉ። አንዱ ወሬ የሚያወራው ሽማግሌ ራስ ላይ ወጥቶ ይዘላል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው የጨፈሩባት ያህል ተሰማት። አውጣው ልትል አፏን ስትከፍት፣ አንድ ቀስ ብሎ የሚሄድ ተጫዋች አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ?» አለ የጎልማሳ ድምፅ። እንዴት ነሽ፣ እህቴ ማለቱ ነው።

«ወዓለይኩሙ ሰላም። አልሃምዱሊላህ።»

ሰላምታው ቶሎ አላለቀም፤ ስለ ቤተሰቡ ጠየቃት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ። ጨዋታ ውስጥ መሆናቸውን ሁለቱም የረሱት ይመስላል። ሰልማን እባላለሁ፣ የጨፋ ሮቢት ልጅ ነኝ አላት። «ይሄን መንገድ በእግሬ ሄጄ ተመልሻለሁ። እንዴት እንደሠሩት ልይ ብዬ ነው የገባሁት።»

በጋራው መንገድ ላይ «ጠይቂ» የሚል ቁልፍ የለም፤ ጀሚል ሰው ከሰው ለማውራት ቁልፍ አያስፈልግም ብሎ ትቶታል። ዓዲላ በራሷ ድምፅ ጠየቀችው። የጻፈችውን ያንኑ ነው ያለችው፣ ስሙን፣ ጠባሳውን፣ አሳሳቁን።

ጎረምሶቹ ከኋላ ይንጫጫሉ።

«ይሄ ልጅ የጨዋታ ነው ወይስ…?» አለ ሰልማን።

«ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ። የከሚሴዋ ዘይና ልጅ።»

ሰልማን ለስለስ ባለ ድምፅ «ኦቦሌቲ፣ ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አላት።

ጀሚል ፈቶ የያዘውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። የምሥራች ያለው ሰው ደግሞ ብቻሽን ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም።

«ኡስታዝ ይሁን ሼህ፣ ታላቅ የሆነ ሰው አገናኙኝ» አለ ሰልማን። «በዚህ አይወራም።»

ጀሚል ስልኩን ከእጇ ወስዶ ሰፈራቸውን ነገረው። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

በማግስቱ ሱብሂ እንደተሰገደ፣ ሰልማን ከሼህ ሙሀመድአሚንና ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። አብደላን በረሃው ላይ ጥም ጥሎታል። ሰልማንና አብረውት የነበሩት ሰግደውበት ቀብረውታል። ከተመለሰ ጀምሮ ቤተሰቡን ሲያፈላልግ ነበር፤ የሚያውቀው ግን «አብደላ ከሚሴ» የሚለውን ብቻ ነው። ከሚሴ ደግሞ አብደላ መች ይጠፋል!

ዘይና አለቀሰች። ጮኸች፣ ወደቀች፣ ተነሳች። ከዚያ የሰልማንን ሁለት እጆች ይዛ «በዚህ ነው አፈር ያለበስከው?» አለችው። «አዎ እናቴ» ሲላት እጆቹን ሳመቻቸው። ዓዲላ ይሄን ስታይ ነው እንባዋ የመጣው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጀሚል እንዳቀረቀረ መጣ። ዓዲላ በረንዳው ላይ ጨዋታውን ለብቻ የሚጫወቱበትን ከፍታ ይዛለች። ግመል ነጂው ወሬውን ጨርሷል፤ «ጠይቂ» የሚለው ቁልፍ እየበራ ነው። ጣቷ ቁልፉ ጋ ደርሶ ተመለሰ። የምትጠይቀው አልቋል።

«አበላሽተኸዋል» አለችው። ንዴት አልነበረባትም። «ባሕሩ ዳር ቆማ የምትጠብቅ ልጅ ነበረችኝ። አሁን የለችም።»

«አውቃለሁ። ነፋሱን እመልሰዋለሁ፣ አሮጊቷንም። የጋራውን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።»

«ነፋሱን መልስ፣ አሮጊቷንም መልስ። ብቻውን መሄድ የሚሻ ሰው ይኖራል፤ እንዳይጎድልበት።»

«የጋራውስ?»

ከቤት ውስጥ የዘይና ድምፅ ይሰማል። አብረዋት ለተቀመጡት ሴቶች ስለ አብደላ እያወራች ነው፤ ስንት ጊዜዋ ስሙን ስትጠራ። «ነበረ» ትላለች አሁን፣ ሳትደናቀፍ።

«እሱን አትንካው» አለች ዓዲላ። «ሌላም እናት አለች።»

ስልኩን ሰጠችውና ሴቶቹ ወዳሉበት ገባች።