ቁጥር ስልሳ አንድ

ሥራዬ መስማት ነው። በወረቀት «የተማሪዎች አማካሪ» ይባላል። ባሌ ግን ለሚያውቀው ሁሉ «የእኔ ሚስት እንጀራዋን የምትበላው በጆሮዋ ነው» እያለ ያሳስቅብኛል። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔም «አንተ ደግሞ በእግርህ» እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን አሥራ ስድስት ዓመት ኖረናል።

ድሮ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የስድስት ሳምንት ሥልጠና ሰጡኝና የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫውን ክፍል «ቢሮሽ ነው» አሉኝ። ኳሶቹ ወጡ፣ ሽታቸው ቀረ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ወደ ሜዳው የሚያይ መስኮት፣ ወደ ሜዳው የሚያወጣ የኋላ በርም አለኝ። የምኮራበት ነገር ግን የኮሪደሩ በር ላይ ነው፤ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን። ከጎኑ ቁጥር የታተመባቸው ወረቀቶች በክር ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዱ ወረቀት መሃሉ ላይ ይቀደዳል፣ ቁጥሩም በሁለቱም ግማሽ ላይ አለ። ተማሪው የሆዱን በአንዱ ግማሽ ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል፣ ሌላውን ኪሱ ያስቀምጣል። ስም የለም። ጠዋት ሳጥኑን ከፍቼ አነባለሁ፣ በዕረፍት ሰዓት መልሱን በየቁጥሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እለጥፋለሁ። ቁጥሩን በቀይ ካከበብኩት «ግማሽ ወረቀትህን ይዘህ ዛሬውኑ ና» ማለት ነው።

ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔው ነኝ። የጻፈው ማን እንደሆነ ላልመረምር፣ የእጅ ጽሑፍ ላላመሳክር፣ በጠዋት ሰልፍ ላይ በስምንት መቶ ተማሪ ፊት ቃል ገብቻለሁ። ልጆቹ ያመኑኝም ለዚህ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እኔ ግን ዝም ያለ ልጅ ሆድ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ስላየሁ፣ ያን ተረት ያወጣውን ሰውዬ አንድ ቀን ቢሮዬ ባስቀምጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ልጄም እዚያው ስምንተኛ ክፍል ናት። ስትወለድ እፍኝ ስለማትሞላ ቤት ውስጥ ጠብታ ነው የምንላት። ትምህርት ቤቱ የገባች ቀን «ከአጥሩ ወዲህ እናት የለም፤ እንደማንኛውም ተማሪ ቲቸር ነው የምትይኝ» አልኳት። ለልጇ ታደላለች እንዳልባል ነው። እሷም ቃሏን የምትጠብቅ ልጅ ናት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ግቢ ውስጥ እማዬ ብላኝ አታውቅም።

ያ ሐሙስ የሙያ ሳምንት መሃል ላይ ነበር። ስምንተኛ ክፍሎች ወደፊት ምን እንደሚሆኑ ቅጽ የሚሞሉበት፣ ትልቁም ፈተና አንድ ወር የቀረው ጊዜ ነው። ሳጥኑ ጢም ብሎ ነበር። ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። «ፓይለትም ዘፋኝም መሆን ይቻላል?» ይላል አንዱ። «ሒሳብ የሌለበት ሥራ ካለ በአስቸኳይ ይነገረን» ይላል ሌላው። ብቻዬን ስስቅ ቆየሁና ስልሳ አንድ ቁጥርን አነሳሁ። ፊደሎቹ በግራ እጅ የተጻፉ ይመስል ተንጋደዋል።

«ስለ ሙያ በተወራ ቁጥር ሆዴን ያመኛል። ሐኪም እንደምሆን እናቴ ለሰው ሁሉ ተናግራለች። እኔ ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ፈተናውን ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍም የለኝም። አንዳንዴ ተኝቼ ባልነሳ እላለሁ። ለእናቴ እንዳልነግራት ማታ ስትገባ ጆሮዬ አልቋል ትላለች። ምን ላድርግ?»

ሻዩ እዚያው ቀዘቀዘ። ተኝቼ ባልነሳ የሚል ቃል በሥልጠናውም በሕሊናም የሚታለፍ አይደለም። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ በቀይ አከበብኩትና ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዛሬውኑ ወደ ቢሮ። ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው ስልሳ አንድን ብቻ ነው።» ደወሉ ሳይደወል ሮጬ ለጠፍኩት።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። የመምህራን ማረፊያ ገባሁና ለፊዚክሱ መምህር ስምና ቁጥር ሳልጠራ አወራሁለት። «እስቲ አሁን ይቺም እናት ተብላ! ልጅ ወልዳ ጆሮዬ አልቋል! ምን ዓይነቷ ናት?» አልኩት። ንዴቴ እውነተኛ ነበር፣ ጠረጴዛውን ሁሉ መትቻለሁ።

«ሁሉም ልጁን ሐኪም ካላደረገ እንቅልፍ የለውም» አለ እሱ ብስኩቱን እየቆረጠመ። «ያንቺዋስ ምን ልትሆን ነው?»

«ሐኪም ነዋ!» አልኩት ሳልተነፍስ።

እሱ ሳቀ፣ እኔ ለምን እንደሳቀ አልገባኝም። ለማሰብም ጊዜ አልነበረኝም።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄድኩ። «በድምፅ ማጉያ ስልሳ አንድ ቁጥር ይምጣ ልበል?» አለኝ፣ የፈለገው መርዳት ነው። «ልጁን አስደንግጦ ከግቢ ለማስወጣት ከሆነ ጥሩ ዘዴ ነው» ብዬው ወጣሁ። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላውቅም። ቅጽ የምሰበስብ መስዬ አራቱንም የስምንተኛ ክፍሎች ዞርኩ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ዓይኑ ያበጠ፣ ጥፍሩን የሚበላ፣ ቀና ብሎ የማያየኝ ማን ነው? ከአራቱ በሦስተኛው፣ የኋላ ወንበር ላይ ጠብታ ተቀምጣ ነበር፣ እሷን ዘለልኳት። የእሷን ፊት አውቀዋለሁ ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ውስጥ ላይ ታች ስል ዋልኩ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ መልሼ ወደ በሩ አዞርኩት። ሜዳው ላይ ኳስ በተመታ ቁጥር ልቤ ይመታል። ከኮሪደሩ ኮቴ ሲሰማ ፊቴን አስተካክላለሁ፣ ኮቴው አልፎ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ሰሌዳው ድረስ ሄጄ ወረቀቱ እንዳልወደቀ አረጋገጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ጠብታ ናት። አንድ እጇ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ነው።

«ቲቸር፣ መግባት ይቻላል?»

«አሁን አይሆንም፤ ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«ምን አገባሽ? የጨነቀው ልጅ አለ። ሂጂ ወደ ክፍልሽ።»

«እሺ ቲቸር» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ትምህርት ሲያልቅ ቦርሳዋን ይዛ እንደገና መጣች። እኔ ስልክ ይዤ ከልጆች የአእምሮ ሐኪም ጋር እያወራሁ ነበር። ይህን የመሰለ ልጅ ድንገት ከመጣ በስንት ቀን እንደምትቀበልልኝ እየጠየቅኳት። ጠብታ ደፉ ላይ ቆማ አየችኝ። በእጄ ሂጂ፣ ሂጂ አልኳት። ስልኩን በመዳፌ ሸፍኜም «ቤት ሂጂ፣ እኔ እዘገያለሁ» አልኳት። በሩን ዘጋችው።

እስከ አሥራ አንድ ተኩል ጠበቅኩ። ስልሳ አንድ አልመጣም። መብራቱን አጥፍቼ፣ የኮሪደሩን በር ከውስጥ ቆልፌ በኋለኛው በር ወጣሁ፣ ለአውቶቡስ መቆሚያው እሱ ስለሚቀርብ ነው። መንገዱን ሁሉ በሐሳብ ያን ልጅ ስፈልግ ነበር። አሁን ቤቱ ገብቶ ይሆን? ያቺ እናቱ ዛሬስ ቀና ብላ አይታው ይሆን? አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» እስኪሉኝ ድረስ ጣቶቼን ሳንቋቋ ነበር።

ቤት ገባሁ። ባሌ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር ሽንኩርት ይከትፋል። ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩና ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ።

«ዛሬ ጆሮዬ አልቋል» አልኩ። «ማንም እንዳያናግረኝ።»

«ማን ሊያናግርሽ?» አለ ባሌ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ። «እኔ እንደሆንኩ ካቆምኩ ቆየሁ። ልጅቱም ገና አልመጣችም።»

ክው አልኩ። የራሴን ድምፅ ከራሴ አፍ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት። ጆሮዬ አልቋል። ይህንን በየማታው የምለው እኔ ነኝ። ጫማዬን ስወረውር፣ እዚሁ ሶፋ ላይ፣ እንደ ሰላምታ ነው የምለው። ደም ስታይ ጉልበቷ የሚከዳት ማን ናት? ባለፈው ዓመት አባቷ ጣቱን በቢላ ሲቆርጥ ግድግዳ ይዛ የተቀመጠችው ማን ናት? እኔም «ትለምጅዋለሽ፣ ሐኪም ደም አይፈራም» ብዬ ስቄባት ነበር። የተንጋደዱት ፊደሎች በግራ እጅ የተጻፉት እኔ እንዳላውቃቸው ነው፣ ወይም እንዳውቃቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ እጅ ከኪስ ያልወጣው ግማሹን ወረቀት ይዞ ነው።

«አልመጣችም ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ካንቺ ጋር ናት ብዬ ነዋ! ምን ሆንሽ?»

ተኝቼ ባልነሳ። ይህን ለባሌ እንዴት እንደነገርኩት አላስታውስም። ቢላውን ጣለውና «የአክስቷን ቤት እኔ አያለሁ፣ አንቺ ወደ ትምህርት ቤቱ» አለኝ። በአንዱ እግሬ የእኔን፣ በአንዱ የእሱን ነጠላ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። አውቶቡስ አልጠበቅኩም። ሮጥኩ፣ ሲደክመኝ ሄድኩ፣ ደግሞ ሮጥኩ። ማንንም ባልሰማሁ፣ ቀኑን ሙሉ ማንንም ባልጠበቅኩ፣ ያን በር ብቻ በከፈትኩ እያልኩ በሰው መሃል ጮክ ብዬ ለራሴ አወራ ነበር። ስልክ በትምህርት ቀን ክልክል ስለሆነ የእሷ ቤት ነው ያለው። ያንን ሕግ ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ ሕግ በማውጣት ማን ይችለኛል!

ዘበኛው የግቢውን በር ገርበብ አድርገው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ጋሼ፣ ልጄን አይተዋታል?»

«አለች እኮ» አሉኝ ተረጋግተው። «ቢሮሽ በር ላይ ናት። ተነሽ ልጄ፣ ይመሻል ብላት ተራዬ አልደረሰም አለችኝ። አማካሪዋ ወጥታለች ብላትም፣ ቀኑን ሙሉ እጠብቃለሁ ብላ ጽፋለች፣ ትመለሳለች አለች። እኔማ ስትጫወት መሰለኝ።»

ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከቆርቆሮው ሳጥን ሥር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ስታየኝ አልተነሳችም። እጇን ዘረጋችልኝ። ግማሹ ወረቀት በላብ ርሶ ለስልሷል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል።

«ሁለት ጊዜ መጣሁ» አለች። «ሁለቴም ሂጂ አልሽኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጄ እኔን ለማግኘት እንደማንኛውም የሰው ልጅ ቁጥር ይዛ ተሰልፋለች፤ እኔም ከሰልፉ አስወጥቻታለሁ። አለቀስኩ። በሥልጠናው አማካሪ በተማሪ ፊት አያለቅስም ተብለናል።

«የሚሰማሽን ስሜት እረዳለሁ» ብዬ ጀመርኩ፣ አፌ የለመደው እሱን ነውና።

«በአማካሪዋ ድምፅ አይደለም» አለችኝ።

ከዚያ ለማንኛውም ልጅ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ጠየቅኳት። «ጠብታዬ፣ ራስሽን ልትጎጂ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «እንዲያልቅ ነው የምፈልገው። ፈተናው፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም። ተኝቼ ስነሳ አልቆ ቢሆን እላለሁ። ካልሆነ ግን ባልነሳ እላለሁ።»

«ስለነገርሽኝ አልቆጣሽም። ሐኪሙንም ተይው፣ እሱ የእኔ ነው። ነገ አብረን አንዲት ሴትዮ ጋ እንሄዳለን። ዛሬ በስልክ ሳናግራት የነበረችው ናት።»

«ስለ እኔ ነበር የምታወሪው?»

«ስላንቺ ነበር። አላወቅኩም እንጂ።»

ትንሽ ሳቅ የመሰለ ነገር አፍንጫዋ ላይ መጣና ተመለሰ። ራሷን ትከሻዬ ላይ ልታስደግፍ ዘንበል አለችና መልሳ ቀና አለች። «ቲቸር» አለች፣ የሆነ ነገር ልትቀጥል።

«እማዬ በይኝ።»

«ከአጥሩ ወዲህ ነን እኮ» አለችኝ። የተናገረችው እንደ ቀልድ አይደለም።

ተነሳሁ። ቦርሳዋን በአንድ እጄ፣ እጇን በሌላው ያዝኩና ኮሪደሩን፣ ሜዳውን፣ ሰሌዳውን አልፈን ሄድን። ሰሌዳው ላይ በቀይ የተከበበው ስልሳ አንድ አሁንም አለ። ዘበኛው እግሬ ላይ ያለውን ሁለት ዓይነት ጫማ አይተው ምንም ሳይሉ በሩን ከፈቱልን። ወጣን። መንገዱ ዳር፣ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩና ወደ እሷ ዞርኩ።

«እማዬ» አለችኝ። ከዚያም መናገር ጀመረች። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ፣ ሌላም መጣ፣ ሄደ። እሷ አልጨረሰችም፣ እኔም ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።