ሰው እስኪገኝ

አሰለፈች ስትገባ ፍራሹ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ጠጋ አላሉላትም። ለቅሶ ቤት መቼም ሰው አይባረርም፤ ዝም ማለት ግን ይቻላል። በሩ ሥር የተነጠፈች ጆንያ አገኘችና እሷ ላይ ተቀመጠች። ከሟቹ እናት ከአለሚቱ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተው ልጆች አሳድገዋል፤ ትናንት ከቀብር መልስ ግን አለሚቱ አንዴም ቀና ብላ አላየቻትም።

የክር ፋብሪካው ሴቶች ለባቡር መንገዱ የተቆፈረውን ጭቃ እየዘለሉ መጥተው ቤቱንም ድንኳኑንም ሞልተውታል። የአለሚቱን ልጅ ጃለታን መብራት ከገደለው ወዲህ ፋብሪካው ቆሟል፤ ማሽኖቹን ደፍሮ የሚነካ ጠፋ። እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ ተብለዋል። ለጃለታም ለራሳቸውም ያለቅሳሉ፤ ምን ይፈረድባቸዋል፣ አከራይ እንደሆነ ሐዘን አለብኝ ቢሉት አይሰማ። አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የዚህችኛዋ ልጅ ጥሎ ባይሄድ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አለች። አሰለፈች ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ልጇ ቀናው የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነበር። ሙያውን ያስተማረው ያው ፋብሪካ ነው፤ ኳታር ግን እዚህ በዓመት የማያገኘውን በወር እከፍልሃለሁ አለው። ማን ይቀራል? ከእሱ በፊት መካኒኮቹ አንድ በአንድ ሾልከው አልቀዋል። የሸኘው ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ነው፤ ዛሬ ከሚያንሾካሹኩት መሃል ያን ቀን እልል ያሉም አሉበት።

ፋብሪካው ማስታወቂያ ለጠፈ። በዚያ ደሞዝ ባለሙያ ከየት ይምጣ! ለቀናው መሰላል ይይዝለት የነበረውን ጃለታን ጠርተው፣ ሰው እስኪገኝ አንተ ያዘው አሉት። ሰው ሳይገኝ ዓመት አለፈ። ጃለታ የጨነቀው ጊዜ ለቀናው ሚስኮል ያደርጋል፤ ቀናው ከኳታር መልሶ ይደውላል፤ ልጁ ስልኩን በትከሻው አጣብቆ እንደተነገረው ይፈታል፣ ይገጥማል። ሴቶቹ፣ ፋብሪካችንን የሚያንቀሳቅሰው ኳታር ነው እያሉ ይስቁ ነበር። አለሚቱ ግን ትኮራበት ነበር። ልጄ ባለሙያ ሆነልኝ እያለች በግድግዳው በኩል ለአሰለፈች ያልነገረቻት ቀን የለም።

አሁን ያ ሁሉ ቀርቶ የፋብሪካው አለቆች ሌላ ወሬ ይዘው መጥተዋል። ጃለታ ማንንም ሳይጠይቅ በችኮላ ነካክቶ በራሱ ጥፋት ሞተ እያሉ ነው። አለሚቱን ከሞቱ እኩል ያንገበገባት ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ቀለል ሲል አለሚቱ ቀና አለች።

"አሱ።"



"አቤት፣ አለምዬ።"

"ያን ቀን ለቀናው ደውሎለት ነበር?"

አሰለፈች ታውቃለች። ቀናው ትናንት ማታ እያለቀሰ ነግሯታል። አላውቅም ብትል ማንም አይመረምራት፤ ልጇም ከሰው አፍ ይተርፍ ነበር። ፈራች። የአለሚቱን ዓይን እያየች መዋሸት ግን አቃታት።

"ሚስኮል አድርጎለት ነበር።"

"መልሶ አልደወለለትም?"

"ሌሊቱን ሥራ አድሮ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ሲነቃ አይቶ ደወለ። ያን ጊዜ የጃለታን ስልክ ያነሳው ሌላ ሰው ነው።"

ከሴቶቹ አንዷ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

"ጠይቋል" አለች አለሚቱ። "ልጄ ጠይቋል። ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ መልስ ሲያጣ ነው የገባበት።"

ከዚያ አለቀሰች፤ ለቅሶዋ አንጀት ይበላ ነበር። አሰለፈችም ጆንያዋ ላይ እንደተቀመጠች አብራት አለቀሰች።

ለቅሶው ሳይበርድ የአሰለፈች ስልክ ጮኸ። ቀናው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ይደውላል፤ እሷ ሰውን አፍራ አታነሳለትም። ደንግጣ ከደረቷ ሥር አወጣችውና ልትዘጋው ስትል አለሚቱ ከፍራሹ ተነሥታ፣ በጉልበቷ እየዳኸች አጠገቧ ደረሰች።

"አንሺለት።"

"ምን ብዬ፣ አለምዬ?"

"አንሺለት እኮ ነው የምልሽ። ልጅ ሲደውል ይነሣለታል።"

አሰለፈች ስልኩን ወደ እሷ ዘረጋች። አለሚቱ ስልኩን ተቀብላ አነሣችና፣ አሰለፈች ጆሮ ላይ አድርጋ ያዘችላት።