የመዝገቡ ስልክ ቁጥሮች

“የምንወጋው ጀርሙን አይደለም” አለች ፅጌ፣ ስለ አዲስ ዓይነት ክትባት ግድግዳው ላይ የበራውን ሥዕል እያሳየች። “የጀርሙን አንዲት ክፍል እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚናገር መመሪያ ነው። መመሪያው ላብራቶሪ ውስጥ ይጻፋል፤ እንዳይበላሽ በስብ ቅንጣት ይጠቀለላል። ሴላችን አንብቦት ያቺን ክፍል ይሠራል፤ ሰውነትም ጠላቱን ቀድሞ ይለያል። መመሪያው ግን በጥቂት ቀን ፈርሶ ይጠፋል። ክትባቱ ገና ሙከራ ላይ ነው።”

በ2010 ዓ.ም. በተሰጠው በዚህ ሥልጠና የተገኙት የጤና ጣቢያው ሠራተኞች አጨበጨቡ። ከኋላ የተቀመጠችው ጤናዬም አጨበጨበች፤ ሁለት ጊዜ ብቻ።

ደብረ ማርቆስ ነርሲንግ ሲማሩ ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው ኖረዋል። የመድኃኒት ስሌት ሲከብዳት ፅጌን የምታስጠናት ጤናዬ ነበረች። ዛሬ ፅጌ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች አሠልጣኝ ናት፤ ጤናዬ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከክትባት ክፍሉ ፍሪጅ ጋር ተፋጣ ትኖራለች። ቅናት ነው እንግዲህ፤ ምን ያሽሞነሙኑታል። የፅጌ ጫማ እንኳ አስቀናት።

ሥልጠናው እንዳበቃ ፅጌ ክትባት ክፍል ድረስ ተከትላት ገባች።

“ጤኒ፣ አንቺ ካልረዳሽኝ ማን ይረዳኛል? የእናቶቹን መዝገብ ፎቶ ላንሳው። ስልክ ቁጥራቸውንና ቀበሌያቸውን ብቻ ነው የምፈልገው።”

“ለምን?”

“ለጥናቴ። አንድ የሕፃናት ወተት አስመጪ ወጪውን ይሸፍናል። የእናትየዋ ስልክ ለገበያ ከተማ ሲገባ መልእክት ይደርሰዋል፤ የልጅዎ ክትባት ቀን ደርሷል፣ ወተታችንም እዚህ ፋርማሲ ይገኛል የሚል።”

“ያሉበትን በምን ታውቃላችሁ?”

“በስልኩ ኔትወርክ ነዋ።”

“ሴቶቹን አስፈቅዳችኋል?”

ፅጌ ሳቀች። “እሱ አውሮፓ ነው። እዚያ ዘንድሮ ጥብቅ ሕግ ወጥቷል፤ ባለስልኩ እሺ ሳይል ያለበትን እያዩ ማስታወቂያ መላክ አይቻልም። እኛ ዘንድ ገና ነው። ደግሞ ኃላፊያችሁ ተስማምቷል።”

ጤናዬ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣች። ፅጌ የማታውቀው አንድ ነገር አለ። በሮብ ገበያ መንገድ ካሉት ቀበሌዎች የሚመጡት ሴቶች አብዛኞቹ ስልክ የላቸውም። መዝገቡ ደግሞ ክፍት ቦታ አይወድም፤ ስለዚህ ጤናዬ የባልን፣ የአማትን፣ የጎረቤትን ቁጥር ትሞላለች። መልእክቱ ለሌላ ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ጥናቱን ውኃ ይበላዋል፤ ፅጌ አለቆቿ ፊት ትዋረዳለች። እሰይ። ጤናዬ ደስ እያላት መዝገቡን ገፋ አደረገችላት።

ፅጌ ገጹን ስትገልጥ ግን የጤናዬ ዓይን ወለተ ኢየሱስ የሚለው ስም ላይ አረፈ። የዚህች ሴት የመጀመሪያ ልጅ ከመርፌ በኋላ አተኩሷት ስለነበር ባሏ ዳግም ጤና ጣቢያ እንዳትረግጪ ብሏታል። ባለፈው ዓመት ተደብቃ መምጣቷን ሲሰማ ደበደባት፤ ክንዷን በፋሻ ያሰረችላት ጤናዬ ናት። ዘንድሮም አራሱን ልጅ ገበያ እሄዳለሁ እያለች ነው የምታስከትበው። ቁጥሩ የባሏ ነው። “ግዴለሽም፣ ማንም አይደውልበትም” ብላ ያስሞላቻት ራሷ ጤናዬ ናት።

እምቢ ብትል ኃላፊው መዝገቡን አንስቶ ይሰጣል። ምክንያቱን ብትናገር ፅጌ ስህተቷን አርማ ትሞገሳለች። ዝም ብትል መልእክቱ ባሏ ስልክ ላይ ደርሶ ወለተ ኢየሱስ ትደበደባለች።

ፅጌ ስልኳን ደቀነች። ጤናዬ ገጹ ላይ መዳፏን ዘረጋች።

“ቆይ። ቁጥሮቹ የሴቶቹ አይደሉም” አለችና ስም ሳትጠራ ሁሉንም ነገረቻት።

ፅጌ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። “ሰው ላስገድል ነበር እኮ። መልእክቱ ይቅር፤ እሰርዘዋለሁ።” ከዚያ ዓይኗ በራ። “ታውቂያለሽ ጤኒ፣ ይሄ ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ማንም አልጻፈውም።” ማስታወሻዋን አውጥታ መጻፍ ጀመረች።

ይኸው፣ ጤናዬ የፈራችው ደረሰ። አሥራ አንድ ዓመት ያየችውን ይህቺ ሴት በአምስት ደቂቃ ልትወስደው ነው።

መዝገቡን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈችበትና እስክሪብቶውን ከፅጌ ጣቶች መካከል ወሰደች።

“ይህንን እንኳ የምጽፈው እኔ ነኝ” አለች። “አንቺ ታርሚልኛለሽ።”