ዓመት የሌላት ሃያ ፔንስ

አክሊል ፍሪድሊ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ክፍሎች በሚያመርት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ከየሺሁ ሰማንያ ያወጣል፣ በማጉያ ያያል፣ ጉድለት ያገኘበት ላይ በቀይ ብዕር ነጥብ ያደርጋል። ነጥብ ያረፈበት ዕቃ ተመልሶ አይቆጠርም። ሌላው ሰው ቀኑን እንዲህ ውሎ ቤቱ ሲገባ እግር ኳስ ያያል። አክሊል የእንግሊዝ ሳንቲም ይመረምራል።

ለምን የእንግሊዝ ብለው የጠየቁት ሁሉ መልሱ ሳያልቅ ወደ መኪናቸው ሄደዋል። መልሱ ይኸው ነው፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት እንግሊዞች የሃያ ፔንሳቸውን መልክ ሲቀይሩ ዓመቱን ከጀርባው ወደ ንግሥቲቱ በኩል አዛወሩት። አዲሱ ጀርባ ከአሮጌው ፊት ጋር ተጣምሮ የተመታው ግን በሁለቱም በኩል ዓመት ሳይኖረው ወጣ። በእነሱም በእኛም አቆጣጠር ዕድሜዋ የማይታወቅ ሳንቲም! ስንት እንደወጣች በትክክል የሚናገር የለም። አንዱ ሃምሳ ሺህ ይላል፣ ሌላው ሁለት መቶ ሺህ።

አክሊል በኢሜይል የሚሳተፍበት አንድ የእንግሊዝ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ቁርጡን የሚነግረው ሰው ይፈልግ ነበር። የሚያሳምን ቁጥር ያመጣ፣ ከእርጅና ብዛት ዓይናቸው የደከመውን ሊቀመንበር ተክቶ የብርቅዬ ሳንቲሞች ሠንጠረዥ ያዥ ይሆናል። ደመወዝ የለውም። አክሊል በፋብሪካው ማናጀር ከመሆን አብልጦ ይመኘው ነበር።

ቁጥሩን የሚያወጣበት ምንጭ ደግሞ ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል ያለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ምእመኑ አዲስ አበባ ሲመላለስ በለንደን ያልፋል፤ ኪሱ የቀረውን ሳንቲም ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ይጥላል። ባንክ ስለማይቀበለው ገንዘብ ያዧ እትዬ እታፈራሁ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ያጠራቅሙታል። አክሊል ኅዳርና ሰኔ፣ ከሚካኤል ንግሥ በፊት እየመጣ ይቆጥራል። አንዱ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር የተቆጠረውን በከረጢት ያስራል። ዓመት የሌላት ከተገኘች ፎቶ አንሥቶ በፖስታ አሽጎ ለእትዬ ያስረክባል። የሚካኤል ናትና ኪሱ አትገባም።

በሁለት ዓመት ስምንት መቶ ባለ ሃያ ፔንስ ሳንቲሞች ቆጠረ። ዓመት የሌላቸው አራት ተገኙ። ከሁለት መቶው አንድ! በዚህ ስሌት ብርቅ የተባለችው ሳንቲም በየሱሪው ኪስ ያለች ተራ ነገር ሆነች። ላከው። ሊቀመንበሩ «እጅግ አስደናቂ፤ ሰኞ መጽሔታችን ላይ ይወጣል» ብለው መለሱ።

እሑድ የሰኔ ሚካኤል ንግሥ ነበር። ሌላ ጊዜ ፓርኪንጉ ሳይጨናነቅ ሹልክ የሚለው አክሊል፣ ደስ ብሎት ለቤተ ክርስቲያኑ ገቢ የሚደረገው ጨረታ ላይ ቆየ። አጫራቹ የታክሲ ሹፌሩ ሙላው ነው። ጥላውን ሸጠ፣ ድፎውን ሸጠ፣ ከዚያ አንዲት ፖስታ ከፍ አደረገ።

«ዓመት የሌላት የእንግሊዝ ሳንቲም! የያዛት አያረጅም! ሠላሳ ያለ?»

«አርባ!» አለች ነርሷ ኢብሲቱ።

«ሆፕኪንስ ከተማ ቤት ገዝተሽ አርባ? ሚካኤል እኮ ይሰማሻል!»

«እሺ በቃ፣ ዘጠና! መልሼም ለሚካኤል ሰጥቻለሁ!»

እልልታው ቀለጠ። እትዬ እታፈራሁ ሳንቲሟን ተቀብለው ቆርቆሮው ውስጥ ጣሏት። ኳ አለች።

አክሊል ተጠጋ። «እትዬ፣ ይቺ ሳንቲም… ስንተኛ ጨረታዋ ነው?»

«አራተኛዋ። ብርቅ ናት ስላልከኝ አይደል የማወጣት? ምነው ልጄ፣ ፊትህ ነጣ?»

«የገዛት ሰው ቤቱ አይወስዳትም?»

«ከሚካኤል ገዝቶ ቤቱ የሚወስድ? እሱ ደግሞ ምን ዓይነቱ ሰው ነው!»

ስልኩን አወጣ። አራት ፎቶ፣ አራት ጊዜ የንግሥቲቱ ጆሮ ሥር ያለችው ያቺው ጭረት። የፀጉር ያህል ጭረት አይቶ ሥራ የሚያስቆም ሰው አንዲት ሳንቲም አራት ጊዜ ቆጥሯል።

ዝም ቢልስ? ከእንግሊዝ ተነሥቶ ሴንት ፖል የወተት ቆርቆሮ ሊፈትሽ የሚመጣ የለም። ሠንጠረዡም የእሱ ይሆናል። ይህን እያሰበ ቆርቆሮውን አየው። ኅዳር ላይ አምስት ልትሆን ነው። ከኪሱ ቀዩን ብዕር አወጣ፣ ሳንቲሟን ፈልጎ ንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ ነጥብ አደረገ።

«ውይ! የሚካኤልን ገንዘብ ታበላሻለህ?»

«ሁለተኛ እንዳትሸውደኝ ነው፣ እትዬ።»

መኪናው ውስጥ ሆኖ ጻፈ፦ «የላክሁትን ቁጥር ሰርዣለሁ። ያገኘሁት አንድ ነው።» ሊቀመንበሩ በማግስቱ መለሱ፦ «አንድ ከሆነ ከሃምሳ ሺሁ ግምት ጋር ይስማማል። ከሁለት መቶ ሺሁም ጋር።» ሠንጠረዡ እሳቸው ዘንድ ቀረ።

ኅዳር ላይ ሙላው ፖስታዋን ከፍ አደረገ። «ዓመት የሌላት፣ ጉንጯ ላይ ቀይ ነጥብ ያለባት! ባለሙያው እዚህ አለ አይደል? አክሊል፣ እንደዚህች ያለች በዓለም ላይ ስንት አለች?»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው።

«አንድ» አለ አክሊል።

«በግምት ነው?»

«በግምት አይደለም።»

ሁለት መቶ ስልሳ ዶላር አወጣች፤ ከዚያ ወደ ቆርቆሮዋ ተመለሰች።