የገደል ማሚቶዎች ብሎግ

ብሎጌ ላይ የለጠፍኩት የገደል ማሚቶ ከነበረበት ቦታ ይጠፋል። ይህን ያወቅኩት በሁለተኛው ጽሑፌ ነው። ሐሙስ ዕለት ከደሴ በላይ ያለ አንድ ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆሜ «ሆይ» አልኩ፤ ሸለቆው ሦስት ጊዜ «ሆይ» አለ፤ ቀረጽኩትና ለጠፍኩት። ቅዳሜ ተመልሼ ብጠራው ዝም አለ። ስልኬ ላይ የተቀረጸውም ነፋስ ብቻ ነበር። ብሎጉ ላይ ግን «ሆይ» ጥርት ብሎ ይሰማል።

ስሜ ታፈሰ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ። ማሚቶ መሰብሰብ የጀመርኩት ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ነው። ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ርግብ ያረባል፤ እኔ ደግሞ ማሚቶ። ለእያንዳንዱ ቦታውን፣ ከፍታውንና ስንት ጊዜ እንደሚመልስ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ዘጠኝ አንባቢ ነበረኝ። ከነሱ ሁለቱ እኔው ነበርኩ፤ አንዱ በስልክ፣ አንዱ በኮምፒውተር።

አንድ ቀን አቶ ይመር የሚባሉ ገበሬ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ገደሉን ምን አደረግከው?» አሉኝ።

«ብሎግ ላይ ነው ያለው።»

«ማዶ ያለውን ወንድሜን የምጠራው በእሱ ነበር። መልስልኝ።»

«አይመለስም፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ሊንኩን ላክልኝ» ብለው ሄዱ።

ብሎጉን ያሳደገችው ልጄ ህሊና ናት። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የቴሌግራም ቻናል ከፈተች፣ ለእያንዳንዱ ማሚቶ አጭር ቪዲዮ ሠራች፣ «ይህን ሳትሰሙ እንዳትውሉ» የሚል ዓይነት አርእስት ሰጠች። አርእስቱ አሳፈረኝ፤ ቁጥሩ ግን አላሳፈረኝም። በሦስት ወር ስድስት ሺህ ሆንን። ማሚቶዎቹ ከቦታቸው እንደሚጠፉ አልነገርኳትም። ብነግራት ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። ቁጥሩ ሲጨምር ማየት እወድ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያልነገርኳት ሌላም ነገር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ አለ። እዚያ በምሠራበት ጊዜ ባለቤቴ ዘውድነሽ ምሳ ይዛ ትመጣና ከአፋፉ ላይ ሆና ትጣራ ነበር። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ካባው ግን እሷን ማሰማቱን አላቆመም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ በራሷ ድምፅ «ታፈሰ! ና እንጂ፤ በረደ እኮ!» ይላል። በየቀኑ እየሄድኩ እሰማለሁ። አቤት ብዬ ግን አላውቅም። እኛ ዘንድ የማይታይ ሰው ሲጠራ ሦስት ጊዜ እስኪደግም አቤት አይባልም፤ እሷ ደግሞ በቀን የምትጠራኝ አንዴ ብቻ ነው።

ይህን ማሚቶ አልለጠፍኩትም።

ህሊና ለእረፍት መጣች። ቁርስ እየበላን ሳለ «የእማዬ ድምፅ ጠፋኝ» አለች። «መልኳን አስታውሳለሁ። ድምፅዋ ግን እምቢ አለኝ። የተቀረጸ ነገር የለም?»

«የለም» አልኳት። ስመልስላት ዓይኗን አላየሁም።

በማግስቱ ወደ ካባው ስሄድ ተከትላኝ ነበር። ከኋላዬ እንዳለች አላወቅኩም። ካባው ሲጣራ ስልኳን ይዛ ነበር። የቀረጸችው እንደ ሌሎቹ ሁሉ ስልክ ላይ ነፋስ ብቻ ሆነባት፤ ብሎጉ ላይ ሲወጣ እንደሚሰማ ስለምታውቅ ለጠፈችው። አርእስቱን «እናቴ» አለችው፤ ከሰጠቻቸው አርእስቶች ሁሉ ያላሳፈረኝ እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ካባው ዝም አለ። እስከዚያ የተለጠፈውን አርባ ሺህ ሰው ሰምቶታል። ቤት ገብቼ ህሊናን «አጠፋሽው» አልኳት፤ ስለ ማሚቶዎቹም ያልነገርኳትን ሁሉ ነገርኳት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻህን ስትሰማት ነበር?»

«አዎ።»

«አንድ ቀን እንኳ አቤት ብለሃታል?»

«ሦስት ጊዜ መጠራት አለብኝ።»

«አባዬ፣ ከሺህ ጊዜ በላይ ጠርታሃለች!»

«በቀን አንዴ ነው የጠራችኝ።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት።

በሦስተኛው ቀን ከተለጠፈው ድምፅ ላይ «እኮ» ጠፋ። ማሚቶ ሰው በሰማው ቁጥር እንደ ሳሙና ያልቃል፤ ሰሚው ጥቂት በነበረ ጊዜ አላስተዋልነውም። የተቆረሰው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ሲሰማ ከነበረው ሰው ጋ ይቀራል። ይህን ያወቅነው የህሊና ጓደኛ አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከሐዋሳ ስትደውል ነው። ስለ ፈተና ውጤት እያወራች ሳለ በመሃል በዘውድነሽ ድምፅ «እኮ» አለች፤ ከዚያ ስለ ውጤቷ ቀጠለች። ምን እንዳለች አልታወቃትም።

ከብሎጉ ላይ ብናጠፋው ጨርሶ ይጠፋል፤ ቀደም ሲል የአንድ ዋሻ ማሚቶ አጥፍቼ አይቻለሁ፣ የትም አልተገኘም። የቀረን አማራጭ ብሎጉን ማስረሳት ነበር። ማስረሳት ከማስተዋወቅ ይከብዳል። ህሊና ቻናሉን ዘጋች፣ አርእስቱንም «ስለ ሲሚንቶ እርጥበት ጥቂት ነጥቦች» ብላ ቀየረችው። እኔ ስለ ቅየሳ መሣሪያ አያያዝ አሥራ አራት አሰልቺ ጽሑፍ ለጠፍኩ፤ ስለ አንዱ ጽሑፍ አንድ ሰው አመሰገነኝ። በመጨረሻ ጨንቆን «እባካችሁ አትስሙት» ብለን ስንጽፍ በአንድ ቀን ሃያ ሺህ ሰው መጣ። «በረደ» ሄደ። «ና እንጂ» ሄደ። ስሜ ብቻ ቀረ።

«አሁን አቤት በላት» አለችኝ ህሊና። «ሳታልቅ በላት።»

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና ተጫንኩት። «ታፈሰ!» አለች። አንድ ብዬ ቆጠርኩ። ደግሜ ተጫንኩት። «ታፈሰ!» ሁለት። ህሊና ትከሻዬን ይዛ «አባዬ፣ በላት!» አለች። ሦስተኛውን ተጫንኩት። «ታፈ» ብሎ ቆመ።

ስሜን ካልጨረሰች መጠራት አይባልም። አቤት አላልኩም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ከሞቷ እኩል ይቆጨኛል።

የስሜን መጨረሻ፣ «ሰ»ን፣ ማን እንደወሰደው አናውቅም። የብሎጉ ቆጣሪ የሰሚውን አገር እንጂ ስሙን አያሳይም፤ አንድ ሰው፣ ኢትዮጵያ ይላል። «ፈ» ሩቅ አልሄደችም፤ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ፎቶኮፒ ቤት ያላት ወይዘሮ ሰዓዳ ጋ ናት። ወይዘሮ ሰዓዳ የሰማችው ስለ ሲሚንቶ መስሏት ነው። የመጨረሻዋን «ታ» ህሊና ራሷ ሆን ብላ ሰማቻት። ሌላ ሰው ከሚወስዳት ብላ ነው፤ አልተቆጣኋትም። አሁን ገጹ ሲከፈት ምንም የለም፤ ጎብኚው ግን አልቀነሰም።

ህሊና ሐዋሳ አልተመለሰችም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ አብረን ፒያሳ እንወርዳለን። ፎቶኮፒ ቤቱ በር ላይ እንቆማለን። ሰዓቱ ሲደርስ የልጄ አፍ ይከፈትና በእናቷ ድምፅ «ታ» ይላል። ወይዘሮ ሰዓዳ ከማሽኗ ቀና ሳትል «ፈ» ትላለች። ከዚያ መንገዱ ጸጥ ይላል። ባጃጆቹ ሞተር ያጠፋሉ። ቲማቲም የምትመዝነው ሴት ሚዛኑን በእጇ ትይዘዋለች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ተማሪዎች፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም «ሰ»ን የያዘው ሰው የሚመጣበት ይመስል ፊታቸውን ከኮምቦልቻ ወደሚመጣው መንገድ ያዞራሉ፤ አንዳቸውም አይናገሩም፣ የሁሉም አፍ ግን ትንሽ ተከፍቷል።