ቀጥል የሚለው ቁልፍ

እማማ ረሂማ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለችው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ ይመጣሉ። ወንበር ስስብላቸው ይቀመጡና ሁሌም ያንኑ ይጠይቁኛል፤ «ሁዘይፋ፣ ዛሬስ የልጄ ድምፅ ይወጣል?»

ልጃቸው ሚስባህ ጓደኛዬም የሥራ ባልደረባዬም ነበር። እሱ ኮምቦልቻ ተቀምጦ ፕሮግራም ይሠራል፣ እኔ ደሴ ላይ እሸጣለሁ። ለእናቱ ደግሞ ለብቻቸው አንድ ሠራላቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ፣ የስኳር መድኃኒታቸው ሰዓት ሲደርስ በራሱ ድምፅ የሚያስታውሳቸው። ፋይሉን የላከልኝ በሞተበት ቀን ነው። ወደ ደሴ ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ሐረጎ ዳገት ላይ ተገለበጠ፤ ስልኩም አብሮት ደቀቀ። ከድምፁ የቀረን ይኸው ፋይል ብቻ ነው።

እሱም አልጫን አለ። «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ስነካው ስክሪኑ ድርቅ ይላል፤ ስደጋግመው ጢን ብሎ ይዘጋል። ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ ነው። እኔ መቼም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ስቀጠቅጥ ሁለት ማውስ ሰብሬያለሁ።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሚስባህ ፋይሉን ከመላኩ በፊት ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። ጠዋት በማይረባ ነገር ተጨቃጭቀን ስለነበር አኩርፌ አላነሳሁም። አራተኛ አልደወለም። ፋይሉን አንድ ቃል ሳይጽፍበት ላከው፤ እሱም አኩርፏል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼዋለሁ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይሰማኛል፤ ሦስት ጊዜ ይጠራና ዝም ይላል። ሳየው ምንም የለበትም። በዚያች ሰዓት ሱቅ ውስጥ ብቻዬን መሆን እፈራለሁ።

ባለፈው ጁምዓ እማማ ረሂማ «እስቲ እኔ ልሞክረው» አሉኝ። እጃቸውን ማውሱ ላይ አስያዝኳቸው።

«አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ተጫኑ። ስክሪኑ ድርቅ አለ። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ደገሙ። በሦስተኛው ጢን ብሎ ተዘጋ።

«ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው። ወዲያው አፈርኩ። «አፉ ይበሉኝ እማማ።»

«የሰው ደጅ ሦስቴ ሰላም ይባላል፤ መልስ ከሌለ ይኬዳል» አሉኝ ሳይቆጡ። «ሚስባህንም ያሳደግሁት እንዲያ ነው። አላህ ይዘንለት፣ ከሦስት አያልፍም ነበር። ግን እኔም ተቻኮልኩ መሰል፤ ሰው ተነስቶ እስኪከፍት ጊዜ ይፈልጋል።»

አራተኛ ያልደወለው ለካ ለዚህ ነው። ደግሞ እኔም ሁለት ወር ሙሉ ስደጋግም ነው የከረምኩት፤ የመጀመሪያው ትእዛዝ ሳያልቅ ሁለተኛው እየደረሰበት ፕሮግራሙን የሚጥለው እኔው ነበርኩ።

«አንዴ ብቻ ይጫኑና እጅዎን ያንሱ» አልኳቸው።

ተጫኑ። ስክሪኑ ድርቅ አለ። ልደግመው ጣቴን ሲበላኝ እጄን ኪሴ ከተትኩት። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ ዐሥር አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ጥሪው ጀመረኝ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

እማማ ረሂማ ወደ ኪሴ ዞሩ። «አታነሳውም እንዴ?»

ወላሂ፣ እሳቸውም ሰምተውታል። መልስ ሳልሰጣቸው ከኮምፒውተሩ የሚስባህ ድምፅ ወጣ።

«እማዬ፣ ሙከራ ነው። ይሄ ነገር አንዴ ብቻ ነው የሚነካው፤ ከደጋገሙት ይወድቃል። ለሁዘይፋ ልንገረው ብዬ ሦስቴ ደወልኩ፣ አያነሳም። አብሽሪ፣ አሁን መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ ራሴ እጭንልሻለሁ።»

እማማ ረሂማ ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ እየዳበሱ አለቀሱ። ብዙ ቆይተው ቀና አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ያን ቀን ስልክህ ተበላሽቶ ነበር?»

አዎ ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

«አልተበላሸም እማማ» አልኳቸው። «እያየሁት ነው የጠራው።»